ንስሩ ሲያረጅ

አውራ ጣቱ የገመዱን ቋጠሮ ነካ፣ ለቀቀ፣ ተመልሶ ነካ። ሃያ ዓመት የፎቅ መስኮት ሲያጥብ፣ መስታወቱ ላይ ያረፈውን ደመና ሳይቀር ሲወለውል፣ ያ ጣት አንዴ ነክቶ የሚያምን ጣት ነበር።

አሁን ያላመነው ቋጠሮውን ሳይሆን ጭንቅላቱን ነው። ከጣሪያ በገመድ በሚወርደው ሳንቃ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ መንገዱ ይሽከረከርበታል። ለማንም አልተነፈሰም። ከሳንቃው ወርዶ ሌላ ምን ሥራ ያውቃል? ግን እዚያው ሳንቃ ላይ አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ አብሮት ይቆማል፤ አንዱ ከተንገዳገደ ሁለቱም ይወድቃሉ።

የሥራ ጓደኞቹ «ንስሩ» ይሉታል። ስሙን ያገኙት በየወሩ ከሚቀባበሉት በሥዕል የሚተረክ ኮሚክ መጽሔት ነው፤ ያለ ክንፍ እየበረረ ከተማ ከሚያድነው ጀግና፣ ከንስሩ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አዲሱ እትም ሲዞር ግን ሁሉም ተቆጣ። ጀግናው አርጅቷል። አየር ላይ ዓይኑ ይጨልምበታል። ይህን ደብቆ ወጣት ረዳቱን ይዞ ይወጣል፤ ልጁ ይወድቃል።

«ይሄን የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው!» አለ ጥበቃው። «ጀግና ይሸብታል እንዴ?»

«ሽበቱስ ይሁን፣ መነጽር አደረጉለት እኮ! አያቴን አስመሰሉት» አለች የጽዳት ኃላፊዋ። «እኔ ከዛሬ ወዲያ አላነብም።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ፣ ይሄኛውን ከእጄ የነጠቅሽው አንቺ ነሽ» አላት ጥበቃው።

ሳቁ። «አንተስ ንስሩ? ስምህን አጠፉት እኮ!» አለችው ኃላፊዋ።

«ውሸት ነው!» ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኸ። «እሱ ሥራውን ያውቃል።»

አማቹ የመጨረሻ ጉርሻውን ዋጠ። «እኔን ያናደደኝ ማርጀቱ አይደለም» አለ አፉን እየጠረገ። «ለልጁ አለመንገሩ ነው። ቢነግረው ይጠላው ነበር? አዝሎት ይወርድ ነበር እንጂ።»

ንስሩ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ።

ከምሳ በኋላ ጣሪያው ላይ ነፋሱ ገመዶቹን ያወዛውዛል። አማቹ አንድ እግሩን ወደ ሳንቃው አነሳ። «ና እንጂ ጋሼ፣ ፀሐዩ ሳይዞርብን!»

አውራ ጣቱ ቋጠሮውን ነካ። ለቀቀ። ከዚያ ወደ ገዛ የደህንነት ቀበቶው ሄዶ ማሰሪያውን ፈታ።

«ያዞረኛል» አለ። «ወር አለፈኝ።»

አማቹ እግሩን መለሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ትናንትም? እዚህ አብረን ተንጠልጥለን?»

«ትናንትም።»

አማቹ መጥረጊያውን ባልዲው ውስጥ ወረወረው፤ ውሃው ሁለቱንም ረጫቸው። «ልጄ ገና ጥርስ አላበቀለችም እኮ፣ ጋሼ!»

«አውቃለሁ።»

«እህቴስ ታውቃለች?»

«ማንም አያውቅም።»

አማቹ የውሃ ጠብታውን ከፊቱ ጠረገ። «ሂድ፣ ለአለቃው ራስህ ንገረው» አለ፣ ሌላ ወገን እያየ። «ከዚያ ሐኪም ቤት። በደረጃው ውረድ፣ መደገፊያ ብረቱን ይዘህ። እንዳትበር።»

ንስሩ አልሳቀም። ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣለና የጣሪያውን በር ከፈተ። መጀመሪያ እግሮቹ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ በመጨረሻ ሽበት የጀመረው ማጅራቱ ደረጃው ውስጥ ሰመጠ፤ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።