የሚኪ ግራ እግር ጫማ

ልጅ ሳለሁ፣ ልደታ በነበረው ቤታችን ማታ ማታ ተረት የሚጀመረው ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነበር። ተረቱን የሚነግሩን የእናቴ አባት፣ አባባ ወርቁ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት የችሎት በር ላይ ቆመው ባለጉዳዮችን በስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ስም ከወረቀት አያነቡም፣ አንዴ ካዩት ይበቃቸዋል ይባልላቸው ነበር፤ እሳቸውም በዚህ ይኮሩ ነበር።

ያኔ እኔ ዘጠኝ፣ ወንድሜ ሚኪ አምስት ዓመታችን ነበር። ደብተሩ፣ ኳሱ፣ ቆርኪው፣ ካልሲው በአንዲቷ ክፍላችን ተዝረክርኮ ሲያመሽ እማዬ ትጮህብናለች፤ አባባ ግን ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ባለጉዳይ ኳስ!» ይላሉ። ሚኪ ኳሱን አቅፎ «አቤት!» እያለ ሮጦ ቅርጫት ውስጥ ይከተዋል። «ባለጉዳይ እርሳስ!» «አቤት!» እንዲህ እየተሳሳቅን ቤቱ ሳናውቀው ይሰበሰባል። የመጨረሻው ባለጉዳይ ሲገባ አባባ የከሰሉን ፍም ቆስቆስ አድርገው ተረታቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ምሽት እማዬ ጎረቤት ሄዳ ሳለ መብራት ጠፋ። የሻማው ጭስ አፍንጫችንን እየኮረኮረን ጥሪው ተጀመረ። እኔ ግን በጀመሩልን ተረት ዝናብ ልግዛ ብላ ገበያ የወጣችው ጦጣ ምን እንደገጠማት ለመስማት ልቤ ተሰቅሏል። «ባለጉዳይ የሚኪ ጫማ!» ሲሉ የቀኙ ብቻ ተገኘ። ሚኪ በአራት እግሩ እየዳኸ ግራውን ይፈልግ ጀመር። መጠበቅ አቃተኝ።

«አቤት!» አልኩ። «ሁለቱም ገብተዋል አባባ።» ሚኪ ሊናገር ሲል አፉን በእጄ ያዝኩት።

ጠዋት ጫማው የለም። እማዬ ሥራ ረፍዶባታል፣ ሚኪ ውጭ ቧንቧው ጋ ያለቅሳል።

«ማታ ጠርቼው እኮ አቤት ብሏል» አሉ አባባ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ጠርተውታል?»

ፈራሁ። «አልጠሩትም። ረስተውት ነው» አልኩ።

«እርጅና ነው አባዬ፣ ምን ይደረግ» አለች እማዬ፣ ለስለስ ብላ። እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም። «አልጠራሁትም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አልጠሩትም» አልኩ ለሁለተኛ ጊዜ። አመኑኝ።

ሚኪ በሸበጥ ትምህርት ቤት ሄደ። ጫማው ከሰዓት በኋላ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ተገኘ፤ የአባባ እርግጠኝነት ግን አልተገኘም። የዚያን ምሽት ሲጠሩ መሃል ላይ ቆም እያሉ «ኳሱን ጠርቻለሁ?» ይሉኝ ጀመር። ከሳምንት በኋላ ከደብተሬ አንድ ቅጠል ለመኑኝና የዕቃውን ስም ሁሉ ጻፉበት። እኚያ ከወረቀት አንብበው የማያውቁ ሰው፣ ወረቀቱን ወደ ፍሙ ብርሃን አስጠግተው ኳስ፣ እርሳስ እያሉ ሲያነቡልን ሚኪ ይስቅ ነበር። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ጦጣዋም ከገበያ ሳትመለስ ቀረች፤ የት እንዳደረስኳት እንጃ አሉ።

ልነግራቸው ሞክሬያለሁ። አንድ እሁድ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ትከሻዬን ተደግፈው ስንመለስ «አባባ፣ ያኔ ያ ጫማ…» ብዬ ጀመርኩ። «የትኛው ጫማ?» አሉኝ ደንገጥ ብለው፣ ሌላ የረሱት ነገር ያለ መስሏቸው። «ምንም» አልኩ።

ካረፉ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በእናቴ ስም ይጠሩኝ ነበር። ምናልባት ሕመሙ ያለእኔም ይመጣ የነበረ ነው፤ የሰማንያ ዓመት ሰው መርሳቱ ምን ይገርማል እላለሁ ለራሴ። ከመርሳታቸው የትኛው የዕድሜ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ግን የምጠይቀው ሰው የለም። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እማዬ ስለ አባቷ ሕመም ስታነሳ «መጀመሪያ ያወቅኩት በዚያ በጫማው ጊዜ ነው» ትላለች፤ ሰዉም ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔም ዛሬም ድረስ ዝም ብዬ እሰማታለሁ።