ጳጉሜ የሌለችበት ሰንጠረዥ

«ይሄን ቀን ማነው ያስገባው?» አለች የጥራት ክፍል ኃላፊያችን። ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ እሷ፣ ጋሼና እኔ። እኔ ወትሮ ዝም በይ ቢሉኝ እሺ የምል ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ማንም ሳይለኝ ዝም አልኩ።

ሐምሌ ላይ ተመርቄ መስከረም ላይ ነው ከሰሚት ወዲያ ያለ መድኃኒት ፋብሪካ ላብራቶሪ የገባሁት። እዚያ መድኃኒት ሞቃትና እርጥብ ካቢኔት ውስጥ ይቀመጣል። በሦስት ወር፣ በስድስት ወር እየወጣ አቅሙን ይዞ እንደሆነ ይመረመራል። የቱ መቼ እንደሚወጣ የሚያስታውሰን ሶፍትዌር ነው። ካቢኔት የገባበትን ቀን ትነግሪዋለሽ፣ የቀረውን ራሱ ይቆጥራል። ሥራዬ ቀኑን መንገር ነበር። አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው።

ካቢኔቱን የሚይዙት ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው የወሎ ሰው። ካርቶኑ ላይ ቀን የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። በፈረንጁ ቢጽፉልኝ ምን ይጎዳዎታል ብዬ ተከራከርኳቸው። «ልጄ፣ የገባው እኮ በእኛ ቀን ነው» ብለው ካቢኔቱን ዘጉት።

ያኔ የራሴ የይለፍ ቃል አልነበረኝም። አይቲዎች ነገ እያሉ ሳምንት አለፈ። ጋሼ ቁጭ ማለቴን አይተው የራሳቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ክልክል ነው። ሁለታችንም እናውቃለን።

ለእያንዳንዱ ካርቶን ቀኑን ወደ ፈረንጁ ለመቀየር ስልክ መነካካት ሲሰለቸኝ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ የየወሩ አንደኛ ቀን በፈረንጁ ስንት ላይ እንደሚውል። አሥራ ሁለት መስመር። ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፌው በራሴ ኮራሁ። የመጨረሻው ካርቶን የሳል ሽሮፕ ነበር፣ ጳጉሜ አራት ይላል። ሰንጠረዤ ላይ ጳጉሜ የለችም። ውጪ ሰርቪሱ ክላክስ ያደርጋል፤ ካመለጠኝ የታክሲ ሰልፍ ነው። የመስከረምን መስመር ይዤ መስከረም አራት እንደሆነ አድርጌ አስገባሁ። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ረሳሁት።

ሶፍትዌሩ አልረሳም። በነገርኩት ቀን አስታወሰን፣ ሽሮፑም አምስት ቀን ዘግይቶ ወጣ። የሚፈቀደው መዘግየት ሦስት ቀን ነው።

ኃላፊዋ ማን እንዳስገባ የሚያሳየውን የሶፍትዌሩን መዝገብ ስትከፍት ያገኘችው የጋሼን ስም ነው። እርስዎ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉ።

«ዕድሜ ነው መሰለኝ» አሉ።

እንግዲያው ካቢኔቱን ለሌላ ሰው ያስረክቡ፣ እስከ ጡረታ ስቶር ይሁኑ አለቻቸው። ይሻላል አሉ። ስቶር ማለት ቀኑን ሙሉ ካርቶን ማንሳት ነው፤ ወገባቸውን ደግሞ ያማቸዋል።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ቋሚ የሚያደርገኝን ደብዳቤ የምትፈርመው እሷ ናት። ጋሼ ይሄን ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው አንዴ እንኳ ወደ እኔ ዞር ያላሉት። ቢያዩኝ ምን ያዩኛል ብዬ እናደድ ነበር። አለማየታቸው ባሰብኝ።

ኃላፊዋ የዝውውር ቅጹን አውጥታ መሙላት ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው። ስማቸውን ጽፋ የአባታቸውን ስም ስትጠይቃቸው አላስቻለኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በሳቸው ስም ገብቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ብዬ።»