ሰርገኛው ሁሉ አበባ የሆነበት አልበም

ፋናዬ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ መሬት መሬቱን ያያል። ካላየ የሳምንት ሥራ ይረግጣል፤ ከረገጠ ደግሞ የፋናዬ ጩኸት ከሰፈራችን ከካሳራኒ እስከ ናይሮቢ መሃል ከተማ ይሰማል። እኔ ማርታ ጎረቤቷ ነኝ። አንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የልብስ ገመድ እንጋራለን። የወረቀት ቅጠል ፀጉሬ ውስጥ፣ ጫማዬ ሥር፣ አንድ ቀን ደግሞ ሽሮዬ ውስጥ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ ትንሽ ብማረር የሚፈርድብኝ የለም።

ሀዋሳ ሳለች የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ናይሮቢ ከመጣች በኋላ ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች የጥቅስ ካርድ መሥራት ጀመረች። ካርዱን እናቶች አዩት፤ እናቶች ካዩት ደግሞ ሁሉም አየው ማለት ነው። አሁን እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ልጁን ሲያስመርቅ፣ ፕሮሰሱ አልቆ ወደ ውጭ ሲሄድ ፋናዬን ሳይጠራ አይሆንለትም። በተለይ የሚሄዱትን አልበም ሠርታ ነው የምትሸኛቸው። የራሷ ፕሮሰስ ግን የሆነ ቦታ ተኝቶ ከቀረ ቆይቷል፤ የት እንደተኛ የሚነግራት አላገኘችም።

ወረቀቱን መሃል ከተማ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ትገዛለች፤ የቀረውን ትለቅማለች። ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ ምንም አይቀራት። አንድ ገጽ ስትሠራ መጀመሪያ ወፍራም ወረቀት ትዘረጋለች። በላዩ ከእሱ ትንሽ የሚያንስ ሌላ ቀለም፣ የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን እንዲታይ አድርጋ ትለጥፋለች። በዚያ ላይ ጫፉ በእጅ የተቀደደ ስስ ወረቀት፣ ከዚያ ፎቶው፣ ከዚያ አበባው። አበባው እንዲሁ አይለጠፍም። እንደ ምስር የከታተፈችው ስፖንጅ ከሥሩ ይገባና ብድግ ብሎ ይቆማል፣ ወረቀቱም ላይ ጥላ ይጥላል። ለዚያች ጥላ ስትል እራት መብላት ትረሳለች።

ፎቶ ላይ ግን ጨካኝ ናት። የእኛ ሰርግ ፎቶ ይታወቃል። ሙሽሮቹ መሃል ላይ ይተከላሉ፣ ሕዝቡ ደግሞ በየተራ ይሰለፋል፤ የእሷ ዘመድ፣ የሱ ዘመድ፣ መዘምራን፣ ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻም ማንም ሳይጠራው የመጣው። ፋናዬ ይህን ሰልፍ የምትጠራው «የማታቱ ወረፋ» ብላ ነው፤ ማታቱ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ ነው። መቀሷን ታነሳና ሙሽሮቹን ብቻ በእንቁላል ቅርጽ ታወጣለች፤ ወረፋውን ታሰናብታለች። ሰውም ይህን ይወድላታል። እንግዳ ሲመጣ በሚዘረጋ አልበም ላይ ሙሽሮቹን እንጂ ወረፋውን ማን ሊያየው?

እንግዲህ ራሔል የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ራሔል ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት። ኢያሱን ያገባችው በእኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ከተማው በሚበርድበት በሐምሌ ነበር። የኢያሱ ፕሮሰስ የተጀመረው ከማግባቱ በፊት ስለነበር ብቻውን ካናዳ ሄደ፣ እሷን ከዚያ ሆኖ ሊወስዳት። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ጊጊሪ ሰፈር ካለው የካናዳ ኤምባሲ ለኢንተርቪው ተጠራች፤ የሰርግሽን ፎቶ ይዘሽ ነይ ተባለች።

ፎቶዎቹ የነበሩት ስልኳ ውስጥ ነው። ስልኩን ደግሞ ከማታቱ መስኮት መንትፈው ወስደውታል። ፎቶ አንሺው አገር ለቋል፤ ኢያሱ ጋ ያሉት ሁለቱ ተቃቅፈው ራሳቸውን ያነሷቸው ብቻ ናቸው። የቀሯት በወረቀት ያሳጠበቻቸው ነበሩ። እነሱን በፌስታል ይዛ ፋናዬ ደጃፍ ቆመች።

«እትዬ ፋናዬ፣ አሳምሪልኝ። ፈረንጆቹ ሲከፍቱት ዋው እንዲሉ እፈልጋለሁ» አለቻት።

«ዋው ካላሉ መቀሴን እጥላለሁ!» አለች ፋናዬ።

ያን አልበም የሠራችው በሙሉ ልቧ ነው። ሌላ ሥራ አቆመች፤ እኔንም ቤቷ መግባት ከለከለችኝ። ሲያልቅ ጠርታ አሳየችኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በየገጹ ራሔልና ኢያሱ እንደ ዛፍ ፍሬ ተንጠልጥለዋል። ዙሪያቸውን ሐምራዊ አበባ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቡናማ ግንድና ቅርንጫፍ ከቧቸዋል፤ ሁሉም በስፖንጅ ብድግ ብለው ጥላ ጥለዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልሠራችም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንድም አድነው ለራሔል ሊጸልይላትና ሊመክራት ፋናዬ ቤት መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ብዙ ሰው ለኢንተርቪው አዘጋጅቶ የላከ ሰው ነው። ኢንተርቪው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አልበሙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገለጠ። እንደገና ገለጠ። ፋናዬ ምስጋናውን ለመቀበል ተዘጋጅታ ቆማለች።

«እህት ፋናዬ፣ ሰዎቹስ?» አላት።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ሰርገኞቹ። እኔ ራሴ እዚህ ነበርኩ፤ የት ሄድኩ?»

ፋናዬ ወረፋ ገጽ እንደሚያበላሽ ልታስረዳው ጀመረች። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ኤምባሲው ሊያይ የሚፈልገው እኮ ወረፋውን ነው» አለ። «ለፕሮሰስ ብለው የሚጋቡ ስላሉ፣ ዘመድ ጎረቤት ባለበት መጋባታችሁን ነው የሚያጣሩት። ይህን ሲያዩ ግን ሁለት ሰዎች ልብስ ተከራይተው ፎቶ ቤት የገቡ ይመስላቸዋል። ከፎቶዎቹ ጀርባ የነበረው ቀንና ማኅተምስ?»

«ኮላ ውስጥ ነው» አለች ፋናዬ።

«የቆረጥሽውንስ የት ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም።» ጣቷን ወደ አበባው ዘረጋች። «መዘምራኑ ሐምራዊ ካባ ለብሰው ነበር፤ አበባ አደረግኳቸው። ቅጠሉ የኩለሱም ድሪያ ነው። ግንዱና ቅርንጫፉ ያጎቷ የአወቀ ካፖርት።»

ኩለሱም ማለት ኢስሊ ሰፈር ልብስ የምትነግድ፣ ሙሽራዋን ያለበሰቻት ሴት ናት። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ራሔልን ሳያት ግን ሳቄ ደረቀ፤ እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። «ሃኪ እትዬ፣ እውነቴን ነው፣ አለቀልኝ» አለች። «አይም ፊኒሽድ! ስንት ዓመት ጠብቄ!»

አንዱን ፎቶ ለመንቀል ሞከርን። የፋናዬ ኮላ ግን ቀልድ አያውቅም፤ የኢያሱ ጆሮ ተቀዶ ወጣና ተውነው። ያኔ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ካለ ብለን የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ሁሉ ጠየቅን። የተላከልን ሁሉ ሰው ሲበላ የሚያሳይ ነበር፤ ራሔል ካለችም የምትታየው ጀርባዋ ነው። ወንድም አድነው «ተረጋግተሽ እውነቱን ተናገሪ፣ ጌታ ያውቃል» ብሏት ጸለየና ሄደ።

በማግሥቱ ፋናዬ ቤት ገባሁ። ወለሉ ተጠርጎ ንጹሕ ሆኗል፤ ወረቀቱ ሁሉ አልጋ ሥር ተገፍቷል። ያን ቤት ንጹሕ ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ። ከእሑድ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«ማርታ፣ እኔ ሰውን አልበም ሰጥቼ እሸኛለሁ እንጂ፣ አልበም ሰጥቼ አስቀርቼ አላውቅም» አለችኝ። «ባሏን እኮ ነው የቆረጥኩባት።»

እውነቷን ነበር። በተቀመጥኩበት ተናደድኩባት፣ አዘንኩላትም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እኔ ሻይ አፈላሁ።

ማክሰኞ ሦስታችን በማታቱ ጊጊሪ ሄድን። ራሔል አልበሙን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። ጠባቂው በር ላይ መቆም አይቻልም ስላለን፣ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ሣር ላይ ተቀመጥን። ፋናዬ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፤ በመሃል ከፈት አድርጋ በሩን ታያለች፣ መልሳ ትጨፍናለች። የኤምባሲ መኪኖች ያልፋሉ። እኔም ጸለይኩ፤ ለራሔል ነው ወይስ ለፋናዬ ብትሉኝ መመለስ አልችልም።

ራሔል ስትወጣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። መንገዱን ግራ ቀኝ ሳታይ ተሻገረች፤ አንድ ቦዳ ቦዳ በሞተሩ ሊገጫት ለጥቂት ሳታት። ፋናዬ ከሣሩ ሳትነሳ እጇን ዘረጋችላት።

«ሰጡኝ!» አለች ራሔል። «ቪዛውን ሰጡኝ፣ ጨርሰናል አሉኝ! ቀሪው ወረቀት ይላክልሻል አሉኝ!»

«ሃሌሉያ!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጠባቂው ከማዶ እስኪዞር ድረስ ጮኽኩ። ከደረቴ ላይ ሙሉ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ፋናዬ አልጮኸችም። ሣሩ ላይ እንደተቀመጠች ራሔልን እግሯን አቅፋ አለቀሰች፤ እኛም አብረናት አለቀስን። ሲወጣልን ራሔል አጠገባችን ተቀምጣ የሆነውን ነገረችን።

ጠያቂዋ መነጽር ያደረገች፣ ጠና ያለች ሴት ነበረች፤ አጠገቧ አማርኛ የሚያስተረጉም ልጅ። ራሔል እንግሊዝኛዋ የታወቀ ቢሆንም፣ ፍርሃቱ ቋንቋዋን ስለዘጋባት በአማርኛ ልናገር ብላ ነበር። ሴትዮዋ አልበሙን ገጽ በገጽ ገለጠችና «በጣም ቆንጆ ነው። ግን ከሁለታችሁ ሌላ ሰው አይታይም። ሰርጉ ላይ ማን ነበር?» አለቻት።

«ወንድም አድነው ተረጋጊ ብሎኝ ነበር» አለች ራሔል። «እኔ ደግሞ እንደዚያ ስትለኝ ንዴቴ መጣ! ያለቀስኩት፣ የጠበቅኩት፣ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ሁሉም እዚሁ ናቸው አልኳት! ይሄ አበባ መዘምራኑ ናቸው፤ አንዷ በሁለተኛው መዝሙር ላይ ሳል ይዟት ወጥታለች። ይሄ ግንድ አጎቴ አወቀ ነው። ከሞያሌ በአውቶቡስ መጥቶ ብርዱን ስላልቻለ፣ እኔ ሙሽራዋ እየለመንኩት እንኳ ካፖርቱን አላወልቅም አለ። እትዬ ፋናዬ የሚባሉ ሴትዮ አሉ፣ መቀስ በእጃቸው መግባት የለበትም፣ አጎቴን ግንድ አደረጉት አልኳት!»

ሴትዮዋ ወደ አልበሙ ጎንበስ ብላ አየች። ቅርንጫፉ ላይ የካፖርት ቁልፍ አለ፤ አንዱ አበባ ላይ የሰው አገጭ። «ይሄ ወገብሽ ላይ ያለው ጣትስ የማን ነው?» አለች።

«የኩለሱም! ቀሚሱ ሰፍቶኝ ከኋላ ጨምድዳ ይዛልኝ ነበር። ከለቀቀችው እወድቃለሁ ይል ነበር ቀሚሱ! እትዬ ፋናዬ እሷን ቆርጠው ጣቷን ተዉት።»

«ባልሽ ትከሻ ላይ ያለው እጅስ?»

«የወንድም አድነው ነው። እሱ ፎቶ ሲነሳ ሰው ላይ ሳይደገፍ መቆም አይችልም።»

እዚህ ላይ አስተርጓሚው ልጅ መሳቅ ስለጀመረ ማስተርጎሙን አቆመ። ሴትዮዋ ስልክ አነሳችና ኢያሱን ካናዳ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው። «የሚስትህ አጎት ሰርጉ ላይ ምን ለብሶ ነበር?» አለችው። ኢያሱ ማን እንደደወለ እንኳ በደንብ ሳይገባው «ካፖርት» አለ፣ «ኧረ እስከ ዛሬም ያወለቀው አይመስለኝም»። ሴትዮዋ አልበሙን በጥንቃቄ ዘጋችውና እንዲህ አለቻት፦ «ፎቶው ላይ ያለውን አጥንተው የሚመጡ ብዙ አይቻለሁ። ፎቶው ላይ የሌለውን እንዲህ ተናደሽ የነገርሽኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ራሔል ይህን ጨርሳ ወደ ፋናዬ ዞረች። ንዴቱ አልፎ አሁን ኀፍረት ይዟታል፤ ስለ ትልቅ ሰው የማይነገር ተናግራለችና። የፋናዬን እጅ ይዛ አቀረቀረች።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «እዚያ ውስጥ ስምሽን አጥፍቼ፣ አጥፍቼ ነው ያለፍኩት።»

ፋናዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ከት ብላ ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

«አጥፊው ልጄ!» አለች። «ባልሽ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ፣ አብራችሁ አጥፉት።»