የገነቴ ትልቁ ሞኒተር የጨለመ ቀን

ሆሳዕና ውስጥ ሠርግ ቀርጾ የሚያቀናብር ሞልቷል፤ እንደ ገነቴ ያለ ግትር ግን አላየሁም። የወይዘሮ ትርፌን ቤት ለሁለት ተከራይተን እኔ ርብቃ በበሩ በኩል ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ በውስጥ በኩል የሰው ሠርግ ትቆርጣለች። «የአክስቴን ልጅ ለምን ቆረጥሽብኝ?» ያላት ሰው ወዮለት! ካሜራውን እያየ የሚያወራውን፣ እጁን የሚያወዛውዘውን፣ ሁሉንም ያለ ርኅራኄ ቆርጣ ትጥለዋለች። ሥራዋን ስለምትወድ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ እንኳ እያንጎራጎረች ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ በእሷ ማንጎራጎር ስንቱን ጠርዝ አጣምሜ ሰፍቻለሁ መሰላችሁ!

ሁለት ሞኒተር አላት። ትንሹ ከፊቷ ነው፤ ካረጀ ወዲህ ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርጋል፣ እሷ ግን ለምዳዋለች። ትልቁ፣ ያ ጀርባው የተንዘረጠጠው፣ እንግዳ ወደሚቀመጥበት አግዳሚ የዞረ ነው። ሲዲው ከመገልበጡ በፊት ቤተሰቡ መጥቶ በትልቁ ያያል፤ የቀረ ዘመድ ካለም ያኔ ይነገራታል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ጋሽ ኃይሉ ከሆመቾ መጡ። ጥር ላይ ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጸችው ገነቴ ነበረች። መጋቢት ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ አባይነሽ ጉበታቸውን ታመው ዐረፉና ቪዲዮውን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ወይዘሮ አባይነሽ ፎቶ የማይወዱ ሴት ስለነበሩ ለጋሽ ኃይሉ የቀረላቸው አንድ የደበዘዘ የመታወቂያ ፎቶ ነው።

«ፊቷ እየጠፋብኝ ነው ልጄ» አሏት ገነቴን። «አንድ ጊዜ አሳዪኝ።»

ገነቴ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸውና ስፒከር ልታመጣ ጓዳ ገባች። ትልቁ ሞኒተር ላይ ስትሠራበት የነበረው የሌላ ሰው ሠርግ እየተጨፈረ ነበር። እኔ ለስላሳ ልገዛ ወጣሁ፤ አከራያችን ወይዘሮ ትርፌ ደግሞ ሐዘንተኛ መምጣቱን ሰምተው «እግዜር ያጽናዎት» ሊሉ ገቡ። እኔና ገነቴ ስንመለስ ትልቁ ሞኒተር ድርግም ብሏል።

«ወይ ጉዴ!» አለች ገነቴ።

መጀመሪያ የኃይል መብራቱን አየች፤ በርቷል። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ማውሱን ስትገፋው ቀስቷ ከትንሹ ሞኒተር ጠርዝ አልፋ ወደ ትልቁ ትገባለች። «ኮምፒውተሩስ ያውቀዋል» አለች። አጥፍታ አበራች። ያው ነው። በመጨረሻ የሁለቱን ገመድ አቀያየረች፤ ወደ ትልቁ የሚሄደው ምስል ትንሹ ላይ ጥርት ብሎ መጣ፣ ትልቁ ግን እንደጨለመ ቀረ። «ኮምፒውተሩም ገመዱም ጤነኛ ናቸው፤ የሞተው ትልቁ ራሱ ነው» አለችና ጠረጴዛው ሥር ቁጭ አለች።

ደሜ ፈላ። «የማንንም ጭፈራ ስታሳይ ከርመህ ዛሬ ነው የምትሞተው?» ብዬ ሞኒተሩን በጥፊ መታሁት። ወይዘሮ ትርፌ የጋሽ ኃይሉን እጅ ይዘው በሃዲይኛ ያጽናናሉ፤ የእኛን ጣጣ ልብ ያሉትም አይመስሉም።

ሌላ ምን ይደረግ? ገነቴ ጋሽ ኃይሉን በትንሹ ሞኒተር ፊት አስቀምጣ የልጃቸውን ሠርግ ከፈተችላቸው። ወይዘሮ አባይነሽ መጡ፤ ፊታቸው ቢጫ፣ ዓይናቸው ቢጫ። ጋሽ ኃይሉ ፊታቸውን አዞሩ።

«አጥፊልኝ» አሉ። «እንዲህ ቢጫ ሆና ነው የሞተችብኝ። ይኼንንማ መች አጣሁት?»

ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ። ገነቴ ቪዲዮውን አጠፋችው።

«ማናት ቢጫ የሆነችው?» አሉ ወይዘሮ ትርፌ።

«ሚስቴ ናት እንጂ። እሷን ለማየት አይደል የመጣሁት?»

«ውይ በሞትኩት!» ወይዘሮ ትርፌ ደረታቸውን መቱ። «እኔ እኮ የሰው ጭፈራ ተከፍቶ ባየው ጊዜ፣ በሐዘንተኛ ፊት ነውር ነው ብዬ ነው ያጨለምኩት! ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል እንዴ?»

ጎንበስ አሉና ከትልቁ ሞኒተር ከንፈር ሥር ያለችውን የብርሃን መቀነሻ በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጓት። አይ ገነቴ! የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ስትፈትሽ ያቺን ሚጢጢ ነገር ረስታታለች። በሌላ ቀን ቢሆን ስስቅባት በዋልኩ።

ጨለማው ቀስ እያለ ገፈፈ፤ ገነቴም ገመዶቹን ወደ ቦታቸው መልሳ ሠርጉን ከፈተችው። ወይዘሮ አባይነሽ በጠይም ፊታቸው፣ ቀይ ሻሽ አስረው፣ ሳህን ይዘው ቀጥታ ወደ ካሜራው መጡ። «አንቺ ልጅ! ከጠዋት ጀምሮ ቆመሽ? ያንን ዕቃ አስቀምጪና ብዪ!» ብለው በሃዲይኛ ሲቆጡ ተሰማ። እጃቸው መጥቶ ምስሉን ሸፈነው።

«እሷ ናት!» ጋሽ ኃይሉ እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «እሷ ራሷ ናት! ልጄ፣ ይቺን እንዳትቆርጪብኝ።»

ለገነቴ እንዲህ የሚል ሰው ወዮለት ነውና ፈጥኜ አየኋት።

«አልቆርጣትም ጋሼ» አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ለመሆኑ ያኔ በልተሻል?» አሏት።

«እንዴታ! ሳልጨርስ መች ለቀቁኝ?»

ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «በይ እንግዲያው» አሉ፣ «ስትቆጣሽ ደግመሽ አሳዪኝ።»