ፖሊሱ ፓስታ በልቶ ፖስታ ቤት ሄደ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ሮቤ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስሞቅ፣ የእህቴ የልጅ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና «አባባ፣ ይቺን ይዩ፣ በሳቅ ነው የሚፈርሱት» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አንዲት ፍሬ የምታክል ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆማ ታነባለች፤ አንድ ቃል ላይ ምላሷ ተሳሰረ፤ ስልኩን የያዘው፣ መምህር ነኝ ባዩ ጎረምሳ፣ ቃሉን እንደ እሷ አጣሞ ደገመው፤ ክፍሉ አውካካ። ከሥሩ ሙዚቃ ለቀውበታል፣ የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ደርድረውበታል፣ አገር ምድሩ አይቶታል። እኔ ሳልስቅ ስቀር ልጁ ጆሮዬ የደከመ መስሎት ድምፁን ጨምሮ ደገመልኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ ለእኔ ግን ይህ አዲስ ጉድ አይደለም። ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህቺን ጨዋታ ገና በጃንሆይ ዘመን ጎባ ላይ አይቻታለሁ። ያኔ ዕቃው ኪስ የሚገባ አልነበረም፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ሣጥን ነበር። ሰውዬው ግን ያው ነው። አልሸሹም ዞር አሉ።

ጎባ ያኔ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ነበረች፤ ሮቤን እንደ ገጠር፣ ገሰራንና ጎሮን ደግሞ እንደ ሌላ አገር ነበር የምናያቸው። ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ እኛ አንድ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን፣ በሌላው የገብስ ቆሎ እየዘገንን ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። ክፍላችን የጸሐፊ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ የወታደር ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት የተጠጋ ልጅ የተቀላቀለበት ነበር። ደጅ ስንጫወት ኦሮምኛውን ከአማርኛው ሳንለይ እናወራለን፤ የክፍሉን ደፍ ስናልፍ ግን ኦሮምኛው ውጭ ይቀራል፤ ረስቶ ይዞት የገባ መዳፉን በማስመሪያ ይገረፋል። የእኔ አባት የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር ቤታችን አማርኛ ነው፤ መዳፌ ብዙም አልተጎዳ።

መምህር አስናቀ የመጣብን እንግዲህ ይህን ጊዜ ነው። አንቱታውን ከነፈግሁት ቆይቻለሁ፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎባ መመደቡን እንደ ግዞት ነበር የቆጠረው፤ ይህንንም ከእኛ አልደበቀም። ፀጉሩን በቅባት አጣብቆ፣ ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ፣ ጭቃው ላይ እንደ ድመት እየመረጠ ይረግጣል። ትምህርት ቤቱ ለቋንቋ ማስተማሪያ ብሎ ያስመጣውን ቴፕ የተረከበው እሱ ነበር። ባለ ሁለት መንኮራኩር፣ ቡናማ ክር እየተጠመጠመ የሚዞርበት፣ የባትሪ ድንጋይ በልቶ የማይጠግብ ሣጥን ነው፤ ጥልፍ ጨርቅ አልብሶ፣ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። በዚያ ዕቃ ስንት ነገር ይሠራ ነበር። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ወንዙ ሲያስገመግም ቀርጾ አምጥቶ «ይህ የምን ድምፅ ይመስላችኋል?» ቢለን ጂኦግራፊን እስከ ዛሬ አንረሳትም ነበር። የአዛውንቶቹን ተረት፣ የጎሮን ገበያ ጫጫታ፣ የእኛኑ መዝሙር መቅረጽ ይቻል ነበር። ድንቄም። ለእሱ የታየው ሌላ ነው።

ኦሮምኛ የለመደ አፍ «ፐ»ን «በ» አድርጎ ነው የሚያወጣት። ይህ ነውር አይደለም፤ በደኅናው ዘመን አንድ አስተርጓሚ ነበሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ ፊት «ቦሊስ» ሲሉ ኖረዋል፣ ዳኛም አንድ ቀን ስቆባቸው አያውቅም፤ ይፈልጋቸዋላ። መምህር አስናቀ ግን ነገሯን ባወቀ ማግስት ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ፖሊሱ ፓስታ በልቶ ፖስታ ቤት ሄደ፤ ከፖስታ ቤት ፓፓያ ገዝቶ ተመለሰ።» ፓፓያ የሚሸጥ ፖስታ ቤት የት አገር እንዳለ የጠየቀው የለም። ፓፓያ ራሱ የቆላ ነገር ነው፣ እኛ አይተነው አናውቅም። በየተራ እየጠራ ያስነብበናል፣ ይቀርጻል፣ ከዚያ ያሰማናል። አፉ የተቃናለት ያልፋል፤ ባልተቃናለት ላይ ክሩን ወደ ኋላ እየመለሰ ደጋግሞ ያስቅበታል። ትክክሉ እንዴት ከአፍ እንደሚወጣ ግን አንድ ቀን አላሳየንም።

ሐሊማ ከገሰራ የመጣች የክፍላችን ልጅ ናት። ከእኛ ቤት ጋር አጥር ለአጥር የሚዋሰነው የአክስቷ ቤት ነበር ያረፈችው። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም። አባቷ ኦቦ ጀማል በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ አማርኛ አያውቁም። ዳኛው የሚሉትን አስተርጓሚ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው የሚሉትን አስተርጓሚ ለዳኛው ያደርስላቸዋል፣ መሐል ላይ ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደሚጨመር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ምን ትሠራለች ያለውን ዘመድ ሁሉ አስኮርፈው ያመጧት ለዚህ ነበር፤ አማርኛውን ተምራ አንድ ቀን ዳኛ ፊት አጠገባቸው እንድትቆም። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ተራዋ ሲደርስ «ቦሊሱ ባስታ በልቶ ቦስታ ቤት ሄደ» ብላ አነበበች፣ ጮክ ብላ፣ በሙሉ ልቧ። ክፍሉ ተንጫጫ። መምህሩ በመሐረቡ እንባውን እየጠረገ ደጋግሞ አሰማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ባስታ» ሆነ፤ መንገድ ላይ ሳይቀር፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሳይቀር። ፓስታ የሚባለውን ምግብ ግን እሷም ሆነች ሰዳቢዎቿ ቀምሰውት አያውቁም።

ሌላ ልጅ ብትሆን አንገቷን ደፍታ ትቀር ነበር። ሐሊማ ሥራዬ ብላ ያዘችው። አክስቷ በአጥሩ ላይ ለእናቴ «ይቺ ልጅ ኩራዜን እያጠፋች ፈጀችኝ፣ ጂን ይዟት እንደሆን እንጃ» እያሉ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ኋላ ራሷ ነገረችኝ። ማታ ኩራዙ ፊት ተቀምጣ ስታነብ፣ «ቦ» ሲባል እሳቱ ዝም እንደሚል፣ «ፖ» ሲባል ግን ከከንፈር የሚወጣው ትንፋሽ እሳቱን እንደሚያወዛውዘው ደርሳበታለች። መጀመሪያ አልፋው ሄዳ «ጶሊስ» ላይ ወደቀች፤ «ጰ» ኦሮምኛም ውስጥ አለች። ቀስ በቀስ ተመልሳ «ፖ»ን አገኘቻት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አስቁማኝ፣ መዳፌን አፏ ፊት አስዘርግታ፣ ያን የማይረባ ዓረፍተ ነገር ከ«ፖሊሱ» እስከ «ፓፓያ» አንድም ሳታደናቅፍ አለችልኝ። ትንፋሿ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ደስ ይል ነበር።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ መምህሩ ለእንግዶች ቴፑን ሊያሰማ ማሰቡ ተወራ። ሐሊማ ክፍል ውስጥ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ አሁን ችዬዋለሁ። እንደገና ይቅረጹኝ፤ አባቴ ይመጣል» አለችው። እስቲ በይ አላት። አለችው፣ ጥርት አድርጋ፣ ሁላችንም እየሰማን። መምህር አስናቀ ደስ እንደ መሰኘት ፊቱ ጠቆረ። «ጥሩ ነው» አላት፣ «ለበዓሉ ግን ያኛው ይሻላል። ያኛው ያስቃል።»

ይህ ነው እንግዲህ መምህር የተባለው። ቴፕ ከሰሌዳ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ልጅ ራሷን ሰምታ፣ አርማ፣ በተሳሳተው ላይ ትክክለኛውን ደርባ መቅረጽ መቻሏ ነው፤ የትናንት ስሕተቷ ድምጥማጡ ይጠፋል፣ አንድ ሰው ሳይሰማባት። ያ ሁሉ ጥበብ እጁ ላይ ተቀምጦ እሱ ስሕተቷን ለድግስ እንደ ሙክት አቆየው። ልጅቷ ተምራ መጥታለች፣ እሱ ደግሞ መማሯን እንደ ኪሳራ ቆጠረው። እንዲህ ያለውን ሰው የምንቅበት ቃል እስከ ዛሬ አጥሮኛል።

በበዓሉ ቀን ኦቦ ጀማል ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ አንድ ቅል ማር አንጠልጥለው ከገሰራ በበቅሎ መጡ። ሹማምንቱ ከፊት ተደርድረዋል። መምህሩ ጥልፉን ገልጦ ቁልፉን ተጫነ፤ የሐሊማ የድሮው ድምፅ ከሣጥኑ ወጣ፣ «ቦሊሱ ባስታ በልቶ» እያለ። ሹማምንቱ ወንበራቸው ላይ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ኦቦ ጀማል ቃሉን አላወቁትም፤ የልጃቸውን ድምፅ ግን አወቁት። ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው በልጃቸው ደስ ብሎት ይስቃል። «ማሻአላህ» አሉና እሳቸውም ሳቁ፣ ከሁሉ በላይ፣ ከልባቸው፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሁሉ «ኢንተለ ቲያ» እያሉ፣ የእኔ ልጅ ናት እያሉ። ሐሊማ ከተማሪዎቹ ሰልፍ ውስጥ ቆማ አባቷ ሲስቁ አየቻቸው።

ሲያበቃ ኦቦ ጀማል ማሩን ለመምህሩ ሰጡት። ተቀበለ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላል ያገሬ ሰው፤ ይሄ ደግሞ ጠጠሩን አስቀድሞ ወርውሮ ወርቁን የተቀበለ ነው። ቅሉን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዝኖ ወደ ቤቱ ላከው። ያን ማር የዋጠው ጉሮሮ ምን ዓይነት ጉሮሮ እንደሆነ አላውቅም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሐሊማ «ከእንግዲህ አልማርም» አለች። ለምን ሲሏት ምን ትበል? የሳቅኸው በእኔ ላይ ነው ብላ አባቷን ታሳፍር? አክስቷ ለመኗት፣ አባቷ ተቆጡ፣ በመጨረሻ የአገሯ ናፍቆት ይሆናል ብለው በቅሎዋ ላይ ከኋላቸው አፈናጠጧት። እኔ አጥራችን ሥር ቆሜ ስትሄድ አየኋት፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

መምህር አስናቀ? እንደነዚህ ያሉት መች ይወድቃሉ። ዕድገት አግኝቶ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት ክር ስላጠረው የእኛን ድምፅ ሁሉ ደምስሶ ለመሸኛ ግብዣው ዘፈን ቀድቶበታል። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ መምህር ሆኜ እዚያው ትምህርት ቤት ስመደብ፣ ሣጥኑን ከዕቃ ቤት አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ ስከፍተው ነው። ሐሊማን ፈልጌ ነበር የከፈትኩት፤ የወጣው የጭፈራ ዘፈን ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን አንድ በአንድ ባዶ ክፍል እያስገባሁ ራሳቸው እንዲቀርጹ፣ ራሳቸው እንዲሰሙ፣ ራሳቸው እንዲያጠፉ አደረግሁ፤ እኔም በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ብዙ አፍ ተፈታበት።

በዚያው ሰሞን ለሥራ ገሰራ ሄጄ ገበያው ዳር ኦቦ ጀማልን አገኘኋቸው። አርጅተዋል። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ተጠያየቅን። ሐሊማ ጎሮ ተድራለች፣ ወልዳለች፣ አልሐምዱሊላህ። አማርኛ ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም አሉኝ፤ ነጋዴ በአማርኛ ሲያናግራት ዞር ትላለች። ክርክሩስ አልኳቸው። ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬት ሄዷል፤ አስተርጓሚው ምን እንዳለ፣ ዳኛው ምን እንደሰሙ እስከ ዛሬ አላወቁም። አሁንም እዚያ የተቀመጡት ለይግባኙ ሌላ አስተርጓሚ እየጠበቁ ነው።

ከዚያ ፊታቸው በራ። «ትምህርቱን ተወች እንጂ ድምጿ እናንተ ዘንድ አለ» አሉኝ፣ «በመንግሥት ሣጥን ውስጥ። ያን ቀን ትልልቁን ሰው ሁሉ እንዴት እንዳስደሰተችው አይተሃል። አሁንም አለ አይደል?»

«አለ፣ ኦቦ ጀማል» አልኳቸው።

«አደራ» አሉ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ለልጆቹ አሰማቸው። ከገሰራ የመጣች ልጅ ናት በላቸው።»

አስተርጓሚው መጣ። ከሐሊማ የሚያንስ ጎረምሳ ነው። ኦቦ ጀማል ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት፣ ከዚያም ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ሄዱ።