አቤት ባይዋ ተሳፋሪ

አዲሱ የከተማ ባቡር በአሮጌው ግንብ ሥር ያልፋል። እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አሮጊት ግን ከእኔም ይብሳሉ። ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር ጥብቅ አድርገው አስረዋል። እጃቸው ዕድሜ ልኩን ሳሙናና ውሃ ውስጥ የኖረ ይመስል ነጥቶ ተሸብሽቧል። በዚያ እጅ ቲኬታቸውን ጨብጠዋል።

ድምፅ ማጉያው የሚቀጥለውን ጣቢያ በቀጭን የሴት ድምፅ ሲናገር ብድግ ብለው፣ "አቤት እመቤቴ!" አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ቀጥ ብለው ቆመው ትእዛዝ ሲጠብቁ አየሁ። በየጣቢያው እንዲሁ ሆነ።

"እማማ፣ እሱ እኮ ማሽን ነው" አልኳቸው።

"ዝም በይ ልጄ፣ ትሰማሻለች!" አሉኝ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ። ሳላስበው እኔም ቀና ብዬ አየሁ።

ቲኬታቸው ላይ የተጻፈው ጣቢያ ደርሶ በሩ ተከፈተ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

"ደረሱ እኮ እማማ፣ ይውረዱ እንጂ!"

"ሂጂ ሳትለኝ?"

ስንት ዓመት በሰው ቤት እንደኖሩ ለመጠየቅ ፈራሁ። "ብላለች፤ ሰምቻታለሁ" ብዬ ዋሸሁ።

ለጣሪያው እጅ ነሡ። ከዚያ ጌታ ፊት እንደቆመ ሰው፣ ጀርባቸውን ሳይሰጡ፣ ወደ ኋላ እየረገጡ ወረዱ። እንዳይወድቁ እጄን ዘረጋሁ።

በሩ ሊዘጋ ሲል ያው የሴት ድምፅ ከጣቢያው ጣሪያ ተናገረ። አሮጊቷ ወዴት እንደሚዞሩ ጠፍቷቸው ሲሽከረከሩ፣ በመስታወቱ ማዶ ከንፈራቸው "አቤት" ሲል አየሁ።