ባዶ የተባለው የአሰብ ካሴት

«ጋሼ፣ ይሄኛው ባዶ ነው፤ ልጣለው?» አለኝ ዛሬ የድሮ የቪዲዮ ካሴቶቼን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥልኝ ባለሙያ።

«እንዳትነካው!» ስለው ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ባዶ አይደለም። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በፊት፣ አሰብ ግቢያችን ውስጥ ሆኜ ተወርዋሪ ኮከቦች የቀረጽኩበት ነው።

በአሰብ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ አልነበረም። የግቢው ሰው ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ሰማይ እያየ ነው የሚያድረው። እኔም የሰርግ መቅረጫ ካሜራዬን ትራስ አስደግፌ ወደ ላይ አዞርኩት።

ጎረቤቴ ጋሽ ታዬ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሰርግ ስቀርጽ መብራት የሚይዙልኝም እሳቸው ነበሩ። «ያለ መብራት ቪዲዮ ይወጣል እንዴ?» ብለው የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ሰማይ አበሩልኝ። ከልባቸው ነው።

ዛሬ ባለሙያውን ድምፁን ከፍ አድርግ አልኩት።

«ያጥፉት እንጂ ጋሽ ታዬ! ኮከቦቹን አስደነገጧቸው!» ትላለች ጎረቤታችን ለተብርሃን። ሳቅ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ባንድ አፍ «ያውና! ያውና!»

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣና ያ ግቢ ተበተነ። ማን የት እንደደረሰ አላውቅም።

«ግን እኮ ምንም አይታይም» አለ ባለሙያው።

«የጋሽ ታዬ ባትሪ ጥፋት ነው» ብዬ ሙሉውን ጨለማ አስገለበጥኩ።

ከታች ለጥፌዋለሁ። ባዶ ነው የሚል ድምፁን ከፍ ያድርግ። እናንተስ ጣሉት ተብላችሁ እምቢ ያላችሁት ምንድን ነው?

የዚያ ግቢ ሰው ካላችሁ ደግሞ፣ የትኛው «ያውና» የእናንተ እንደሆነ ንገሩኝ።